ተጫዋች ነው አልኳቸው

(አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ደንበኛ ገና ባልገባበት ፑል ቤት እንዳልክ ብቻውን ሲለማመድ፣ የእናቱ ወንድም አቶ ሽብሩ ለእሱ ሚስት ለመጠየቅ ከሄዱበት ሽምግልና ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጥተዋል።)

ሽብሩ፦ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ። እኔ አቶ ገብረየስ ደጅ ሁለተኛ አልቆምም።

እንዳልክ፦ ልጅቷን ከለከሉን?

ሽብሩ፦ ቢከለክሉንማ ምን ነበረበት። ደስ ብሏቸው ነው የሸኙን።

እንዳልክ፦ ታዲያ ይሄ ፊት ምንድነው፣ ጋሼ?

ሽብሩ፦ መጀመሪያ ያንን ዱላ አስቀምጥ።

እንዳልክ፦ ስቴካ ነው። ይኸው አስቀመጥኩት።

ሽብሩ፦ ተቀመጥን፣ ጠላ ቀረበ፣ “ልጃችሁ ምን ይሠራል?” አሉ አባቷ አቶ ገብረየስ። እንደተመካከርነው “ተጫዋች ነው” አልኳቸው።

እንዳልክ፦ ጥሩ።

ሽብሩ፦ ምኑ ነው ጥሩ። “እሰይ፣ ተጫዋች ሰው ቤት ያደምቃል፤ አባቴም ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ሥራውስ?” አሉኝ።

እንዳልክ፦ ሥራው እሱ ነው ይሏቸዋላ።

ሽብሩ፦ አልኩ እንጂ። “ሥራውም መጫወት ነው” አልኩ። አጠገቤ ያሉት ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሄኔ ራሳቸው አቶ ገብረየስ “ኳስ ነው?” አሉ።

እንዳልክ፦ አዎ አልኳቸው እንዳይሉኝ ብቻ።

ሽብሩ፦ ታዲያ ይሄ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈው ምንድነው፣ ሎሚ ነው?

እንዳልክ፦ እሳቸው ያሉት እኮ እግር ኳስ ነው።

ሽብሩ፦ እግር አላሉም፤ እኔም አላልኩም። “የት ቦታ ነው የሚጫወተው?” ሲሉኝ ግን ተያዝኩ።

እንዳልክ፦ ምን አሉ?

ሽብሩ፦ “ማዕዘን ላይ ማንም አይችለውም” አልኩ። የማዕዘኗን ቀዳዳ አልስትም የምትለው አንተው አይደለህ?

እንዳልክ፦ ወይ ጉድ።

ሽብሩ፦ ታላቅ ወንድሟ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ከማዕዘን የሚያሻማ ጠፍቶ ነው አገሩ የተቸገረው አለ። እሁድ ሜዳ መጥተው ሊያዩህ ነው።

እንዳልክ፦ አፈሩብኝ ማለት ነው።

ሽብሩ፦ አፈርኩ። አንዴ ዋሽቼ መጥቻለሁ፤ አንተን ደግሞ አልዋሽም። በዚህ ሰፈር የተጣላ ሁሉ የእኔን ቃል አምኖ ነው የሚታረቀው። ዛሬ ግን ጠላው እንኳ አልወረደልኝም።

እንዳልክ፦ ሀዋሳ ላይ ዋንጫ መውሰዴን ቢነግሯቸው ምን ነበረበት?

ሽብሩ፦ ዋንጫውን ልንገራቸው ወይስ ዋንጫውን ታቅፈህ በሽንኩርት መኪና መመለስህን?

እንዳልክ፦ ሁለቱንም ይንገሯቸው። በውርርድ የሚጫወቱት ልጆች ባለ ቤት ሆነዋል። እኔ ቁማር አልነካም ስላልኩ ነው የሰው ጠረጴዛ ጨርቅ ስቀይርና ጀማሪ ሳስተምር የምውለው። ይሄ ያሳፍራል?

ሽብሩ፦ አያሳፍርም።

እንዳልክ፦ ታዲያ?

ሽብሩ፦ ፑል ቤት ስላቸው ጫትና ጭስ ነው የሚታያቸው፣ ልጄ። አንተ አትታያቸውም።

እንዳልክ፦ እና እሁድ የማንን ማሊያ ልልበስ?

ሽብሩ፦ አትለብስም። ተጎድተሃል።

እንዳልክ፦ ማን ነው የተጎዳው?

ሽብሩ፦ አንተ ነሃ። ጉልበትህን። ኳስ አቁመህ እኔ ጋ ልብስ ስፌት ቤት ገብተሃል። አንዱ የስፌት መኪና እንደሆነ ሰው የለውም፤ እጅህም ጨርቅ ያውቃል። እስከ ሰርጉ ትንሽ ታነክሳለህ።

እንዳልክ፦ ላልተጫወትኩት ኳስ ላነክስ?

ሽብሩ፦ ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? በልብህ ያዘው።

እንዳልክ፦ እሱ ለማይፎክር ሰው የተባለ ነው እንጂ ለሚደበቅ አይደለም። ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የት ልደርስ ነው? ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ሽብሩ፦ የት አገር ነው ሙሽራ ለራሱ ሽማግሌ የሚሆነው?

እንዳልክ፦ ይሳቁብኝ፣ ካሻቸውም ይከልክሉኝ። ወይንሸት ታውቀኛለች። እዚያ ጥግ ቆማ ስጫወት አይታኛለች፤ ኳሷን ስስት እንኳ አጨብጭባልኛለች። እሷ ካላፈረችብኝ የአባቷን ሳቅ እችለዋለሁ።

ሽብሩ፦ እንዳልክ…

እንዳልክ፦ እሷ ባለችበት ነው ይሄን ሁሉ ያወሩት?

ሽብሩ፦ ጠላውን የምትቀዳው እሷ ነበረች።

እንዳልክ፦ እና ምን አለች?

ሽብሩ፦ ቀና ብላ አየችኝና መቅዳቷን ቀጠለች።

እንዳልክ፦ አባቷ ፊት ምን ትበል? እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው።

ሽብሩ፦ ስንወጣ እስከ በር ሸኘችን። ከሽማግሌዎቹ ነጠል አደረገችኝና…

እንዳልክ፦ እና?

ሽብሩ፦ ይቅርብህ።

እንዳልክ፦ ይንገሩኝ፣ ጋሼ።

ሽብሩ፦ የጉልበቱንም የማንከሱንም ነገር ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ይሄን ማሰብ ብችል እዚያ ቤት አልንተባተብም ነበር። እሷ ናት “ተጎዳ በሏቸው፤ አለዚያ ሰው ፊት ምን ብዬ እጠራዋለሁ” ያለችኝ። እያለቀሰች ነው ደግሞ።

እንዳልክ፦ …የትኛውን እግሬን ነው ያለችው?