ባሕሩ ካኪ ነው

ግባ፣ አበልጄ አንሙት፣ ግባ። እመደቡ ላይ ተቀመጥ፤ አጎዛው ደረቅ ነው። ላብህን ነፋስ እንዳይመታህ ጋቢህን ደርብ። ገብሱ እታች እንዴት ነው? እኛን በረዶ መታን፤ የተረፈው ግን ፍሬው ደህና ነው። ያ ቀንደ ቆልማማው በሬህስ፣ እግሩ ዳነ? እሰይ።

ጠባቧን መንገድ እንዴት አለፍካት? በዚህ ዕድሜህ፣ ግራህ ድንጋይ፣ ቀኝህ ባዶ ሰማይ፣ አንዷን እግር ከሌላዋ ፊት እያስቀደምክ ስትመጣ ከዚህ ሆኜ አየሁህ። ወደ ታችም ታይ ነበር። አኮራኸኝ። ወደ ታች እያየ የሚመጣ ሰው የት እንዳለ ያውቃል።

ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። ሦስተኛህ ነው። በመጀመሪያው ዝም አልኩ፤ በሁለተኛው እንምከር አልኩ። ሦስተኛው መልስ ይገባዋል። የላከህም ሰው ሽማግሌ መምረጥ ያውቃል። ልጄን የብርጓልን ክርስትና ያነሣሃት አንተ ነህ፤ አንተን እንዴት እምቢ እላለሁ? ልጃቸውም ጨዋ ልጅ ነው። በምንም አባቱን አይመስልም ይላሉ... እኔ አላልኩም። ሰው ነው የሚለው።

እኔ ብዙ እንደማልናገር ታውቃለህ። ዛሬ ግን አፌ ተፈታ። ነገ ዘመድ የሚሆኑኝን ሰው ሳላመሰግን ልጄን ብሰጥ ነውር አይሆንም?

እንዲያው እውነት ነው፣ ሮማ ደርሰው መጡ? ጥሩነሽ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወርዳ ሰምታ ስትነግረኝ ሚስቴ አበደች ብዬ ነበር። ጣሊያን የገቡለትን ባላባቶች ሰብስቦ፣ አገሬን እዩልኝ ብሎ፣ እስከ ምጥዋ በካሚዮን፣ ከምጥዋ ወዲያ በመርከብ ወሰዳቸው አለችኝ። መርከቡ ቤት በቤት ላይ የተደረበበት ነው አሉ፤ ይበላበታል፣ ይተኛበታል፣ ሙዚቃም አለው። ጥሩ ነው። ተጋብዞ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሳቸው ደግሞ ነውር አይወዱም...

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰውየው ከፍታ ያዞራቸው የለም? አብረን አድገን የለም? ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ የጠበቁበትን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ አላስታውስም። ጎተራ ሲከደን መሰላሉን ከታች ይዘው፣ እነሱም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። በዚህ ማንም አይታማም፤ የእግዜር ሥራ ነው። ታዲያ እኚህ ሰው ናቸው የባሕር ላይ ፎቅ ወጡ የምትሉኝ?

ብልሃቱን ሉማሜ ጠጅ ቤት ተቀምጠው ራሳቸው ተናግረውታል። በቅሎ ገደል ስናሻግር ዓይኗን በነጠላ እንሸፍን የለ? እሳቸውም እንደዚያው ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናነቡ። ከፊታቸው የቆመውን ካኪ ለባሽ ጣሊያን ቀበቶ ጨበጡ። ዓይናቸውን ማጅራቱ ላይ ተከሉ። ቀኝ የለ፣ ግራ የለ፣ ታች የለ፤ ማጅራት ብቻ። ሲሄድ መሄድ፣ ሲቆም መቆም። የመርከቡን መሰላል እንዲህ ወጡ። ባሕሩንም ያን ያህል ቀን እንዲህ ተሻገሩ። ጣሊያኑ ሊታጠብ ሲገባ፣ እሱ እስኪወጣ ደጁ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙ ነበር አሉ። አንድ ቀን ሌላ ጣሊያን ቀድሞ ወጣና የዚያን ቀበቶ ይዘው እስከ ማድቤት ወረዱ፤ ሽንኩርት ሲልጥ አብረውት ዋሉ። ማጅራት እንደማይመርጡ አየህልኝ... ታማኝነት ከዚህ በላይ አለ?

ሮማም እንዲሁ ሆነ። ትልቅ ግንብ ላይ አወጧቸው፤ ደረጃው ሦስት መቶ ነው ይላሉ፤ ከላይ ሲያዩት ከተማው እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ይታያል። ሌሎቹ ባላባቶች አፋቸውን ከፍተው አዩ። እሳቸውም አዩ፤ ማጅራቱን። ፎቶግራፍ ሊያነሷቸው ፊትዎን ያዙሩ ቢሏቸው፣ ወዴት ልዙር ብለው እምቢ አሉ። ሥዕሉ መጥቷል፤ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ አይታዋለች። የሁሉም ፊት፣ የእሳቸው ጀርባ። ያም ሆኖ ወዲያው ለይታቸዋለች። እኛስ ብናይ አንለያቸውም?

የሉማሜው ታረቀኝ አፉ አያርፍም፤ ሰው በተሰበሰበበት ጠየቃቸው።

«ጌታው፣ ባሕር ምን ይመስላል?»

«ካኪ ነው» አሉ።

«ቤተ ክርስቲያናቸውስ?»

«እሱም ካኪ ነው።»

«ሮማስ፣ ከተማዋስ?»

«ቀይ ናት። ከግራ በኩል ኪንታሮት አለባት።»

ሹም አይደሉ፣ ማን ይሳቅ? ጠጅ ቤቱ በሙሉ ብርሌው ውስጥ አፍጥጦ ቀረ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን ይኸው ሮማን እየናፈቁ ከሱ... እንዲህ ያለ ፍቅር ማን አለው?

አላማኋቸውም። ፍርሃትን ድል መንሳት ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማዝነው፣ ይህን ብልሃት ቀደም ብለው ቢያገኙት ኖሮ ብዬ ነው። ያን ዓመት፣ ጠብመንጃ አስረክቡ ተብሎ ሠፈሩ ወደዚህ አምባ የወጣ ቀን ነበርክ። ነፍሰ ጡር ወጣች። ዓይነ ስውሩ አበረ ልጁን ተደግፎ ወጣ። ፍየል ወጣ። እሳቸው ጠባቧ አፍ ላይ ሲደርሱ አዞረኝ አሉና ተቀመጡ። ጥፋት ነው? አይደለም። ራስ ቢዞር ልብ ይዞራል እንዴ? ወንድሜ ውበቱ ከላይ ሆኖ አያቸው። «ሰው ጥለን አንቀመጥም፤ እጃቸውን ይዤ ላምጣቸው» አለ። ጠብመንጃውን አንግቶ ወረደ። እኛም እስከ ቀትር ጠበቅናቸው...

ጠጣ እንጂ፤ ጠላው አልጣመህም?

ውበቱን ከጠባቧ ሥር ቀበርነው፤ ጠብመንጃው አብሮት አልነበረም። እሳቸው ግን ደህና ነበሩ፤ እግዜር ይመስገን። በማግስቱ ከጣሊያኖቹ ኋላ ኋላ ሲሄዱ ታይተዋል። ያን ጊዜም ማጅራት አላጡም ማለት ነው። ለሹመቱ የበቁት አንድ ጠብመንጃ በእጃቸው አስረክበው ነው ይላሉ። የራሳቸው ጠብመንጃ ደግሞ እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ ያየኸው አንተ ነህ። ታዲያ የማንን አስረከቡ? እኔ አልጠየቅሁም። ሰው ከሮማ መጥቶ ስለ ጠብመንጃ ይጠየቃል?

ደም በጋብቻ ይደርቃል ልትለኝ ነው የመጣኸው። ልክ ነህ፤ የአባቶቻችን ወግ ነው። ወግ አልሰብርም፤ ልጄንም አልከለክልም። የብርጓልን ጠየቅኋት። «አባባ፣ አንተ የወደድኸውን» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ ወደ ጠባቧ ነበር። አጎቷ ጀርባው ላይ አዝሏት ያደገች ልጅ ናት።

ወጉ ግን አንድ ነገር ያዛል። ቃል ሲታሰር የልጁ አባት ራሱ መጥቶ የልጅቷን አባት ደጅ ይረግጣል። ሽማግሌ ይልካል፣ ጥሎሽ ይልካል፤ እግሩን ግን በሰው አይልክም። ደጄ የት እንደሆነ አየህ። የታችኛው ቤቴ ሲቃጠል ጭሱን አብረን ከዚህ ሆነን አይተናል፤ ስለዚህ አንተ ውረድላቸው እንዳትለኝ። የውበቱን መቃብር ተሻግሬ ልጄን ልሸጥ አልወርድም። እሳቸው ይውጡ። ከአንድ ጠባብ መንገድ በቀር የጠየቅኋቸው ነገር አለ? ሮማ የደረሰ ሰው ይቺን ያቅተዋል?

የሚካኤል ዕለት ይምጡ በልልኝ። ሙክቱን አሥሬአለሁ። ብቻቸውን ይሁኑ ታዲያ፤ ጠባቧ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም። ጋቢውንም እታች ይተዉት፤ ነፋሱ ያገኘውን ጨርቅ እንደ ሸራ ወጥሮ ሰው ይወስዳል፤ ደግሞ ሌላ መርከብ ይሆንባቸዋል። ማጅራት የሚያውሳቸውም ከእኛ ውስጥ የለም፤ ሁላችንም ከላይ ሆነን ፊታችንን ወደ እሳቸው አዙረን ነው የምንጠብቃቸው። ያን ቀንም እንደዚያው ነበር የጠበቅናቸው።

በል ተነሥ፤ ሳይመሽብህ ውረድ። አማች ነገር ናቸውና ሳልመርቃቸው አልሸኝህም፤ አንተ አሜን በል። ሮማ አድርሶ የመለሳቸው አምላክ እደጄም ያድርሳቸው። እግራቸውን ያጽናላቸው። ጠባቧ መሃል ሲደርሱ ዓይናቸውን ይግለጥላቸው፤ አገራቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ደህና አድርገው ይዩት። ድንገት ቢያዞራቸውም አይስጉ... ውበቱ እዚያው ታች ነው። እጃቸውን ይይዝላቸዋል።