እንደ ባጃጅ የተነፋው ጎማ

አባቴ ቦንጋ ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱትን ዓይነት የሣር ማጨጃ መኪና ይነዳል። መሬቱ ጎርባጣ ስለሆነ ወገቡን አመመውና «ሥራውን ልተወው ነው» አለን። መቀመጫው ላይ ቃጫ የሞላበት ጆንያ ቢያነጥፍም አልረዳውም። ቅዳሜ ምሳ ሳደርስለት ጎማውን ጫን አድርጌ ነካሁት፤ ድንጋይ ነው።

«አባዬ፣ ማነው እንዲህ የነፋው?» አልኩት ፈራ እያልኩ።

«እኔ ነኛ! ጎማ ካልጠነከረ ምኑን ጎማ ሆነ?»

«እሱ ለባጃጅ አይደል? ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል። ይሄ የሚጭነው አንተን ብቻ ነው፤ ጎማው ሲደድር የመሬቱ ንጠት ሁሉ ወገብህ ላይ ያርፋል።»

አባቴ ጎንበስ አለና ከአራቱም ጎማዎች ጥቂት ጥቂት አየር አስተነፈሰ። ሣሩን አንዴ ዞሮ ሲመለስ ወገቡን አልያዘም።

«ነይ፣ አንቺም ላዩ ላይ ውጪና ፍረጂ» አለኝ እየሳቀ። «እናትሽንም ‹ሥራውን አይተውም› በያት።»