ለኳስ የተላኩ ሽማግሌዎች

በእኛ ዕድሜ ሰዎች ዘመን ሽማግሌ የሚላከው ለሁለት ነገር ነበር፤ ወይ ሴት ልጅ ለመጠየቅ፣ ወይ የተጣላ ለማስታረቅ። እኔ ግን፣ ስሙኝ ልጆች፣ ለኳስ ሽማግሌ ሄጃለሁ። አትሳቁ! እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ቤቱ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው። ያ ስልክህ እየቀዳ ነው አይደል? በል ይቅዳ፤ ግን ጋሽ ደምሴ ብለህ ጻፍ፣ ሚስተር ምናምን እንዳትለኝ።

ታዲያ ያን ጊዜ ታክሲ እነዳለሁ፤ ስልክ ሁሉ የሚታጠፍ በነበረ ጊዜ ነው። ከኔ በላይ ፎቅ ፀዳለ የምትባል፣ በዲቪ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች፤ ጠዋት ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ ከሰዓት ፓርኪንግ ካሸር ናት፤ እና አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሶስና፣ ኳስ የምትወድ። ልጅቷን ፕራክቲስ የሚያደርሳት የለም። «ጋሽ ደምሴ፣ በመንገድዎ ከሆነ ድሮፕ ቢያደርጉልኝ?» አለችኝ። መንገዴ አልነበረም። ግን እንዲህ ተለምኖ እምቢ ይባላል? ሜትሬን አጥፍቼ ወሰድኳት፤ መውሰድ ጀምሬ ይኸው ስንት ዓመት ወሰድኳት።

አንድ ቀን መጣሁና «ፀዳለ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ አጥቂ ሆነች» ብላት ደንግጣ የያዘችውን ጣለች። «ወይኔ! ማንን ነው ያጠቃችው? ከስኩል ሊጠሩኝ ነው?» «ኧረ በኳስ ነው! ጎል የምታገባ ማለት ነው!» «እና እንዲህ አይሉኝም?» ብላ ተቆጣችኝ።

ጎል ታገባለች ስላችሁ ታዲያ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ። ቀጭን ናት፣ ነፋስ የሚወስዳት፤ ኳስ እግሯ ሥር ስትገባ ግን ተከላካዮቹ በግራ ሲጠብቋት በቀኝ አልፋለች። ጌይተርስበርግ በሉ፣ ውድብሪጅ በሉ፣ አርሊንግተን በሉ፣ ያልሄድንበት ሜዳ የለም። እኔም እያደር አወቅሁና ኦፍሳይድ ሲሆን ከዳኛው ቀድሜ እጄን አነሳለሁ።

ከዚያ በኳስ ስኮላርሺፕ ኮሌጅ ገባች። ልትጨርስ ስትል በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቀብሎሻል ይላል፤ ሌላው ሩቅ ስቴት ያለ የሴቶች ፕሮፌሽናል ቡድን ነይ ተጫወቺልን ይላል። ፀዳለ «ፋርማሲ!» አለች፤ በቃ። «ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ሳላይ አልሞትም። ኳስ ልጅነት ነው፣ ልጅነት ደግሞ አለቀ።» እና እናትና ልጅ ተኳረፉ። አንድ ቤት እየኖሩ በቴክስት ነው የሚነጋገሩት፣ በሞቴ!

ታዲያ ሶስና ኮል አደረገችኝ። እዚህ የተወለደች ናት፣ አማርኛዋ ያው ነው፤ «ጋሼ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ?» አለችኝ። «ምነው፣ ስድብ ጀመርሽ?» «ኖ ኖ! እማዬ ስታወራ ሰምቻለሁ። ሰው አንድ ነገር በጣም ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፣ እምቢ ማለት ከባድ ነው ትላለች። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል። ፕሊስ፣ ሂድልኝ።» አንተ እያለች መለመኗ አንጀቴን በላው። እሺ አልኳት።

ሽማግሌ ደግሞ ወጉ ሦስት ነው። አንዱ እኔ። ሁለተኛ አሌክሳንድሪያ ላለው ለክፍሌ ደወልኩለት፤ ክፍሌ ስንቱን ያጋባ ሰው ነው፣ ጆሮው ግን ትንሽ ደከም ብሏል። «የፀዳለ ልጅ ጉዳይ ነው፣ ነገሩ ኳስ ነው፣ እሁድ ቤቷ በር ላይ እንገናኝ» አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ዘጋው። ሦስተኛ ሰው አጣሁ፤ እሁድ ሁሉም ሥራ ነው። ሶስና «ኮቼን ጠይቃት፣ ሚስ ኬቲን» አለችኝ። «ሽማግሌ ናት?» «አዎ፣ ፀጉሯ ነጭ ነው።» ሄጄ ባያት የሠላሳ ዓመት ፈረንጅ፣ ፀጉሯ ብጫ! ሃ ሃ! ምን ላድርግ፣ የባለቤቴን ነጠላ አለበስኳትና፣ መኪና ውስጥ «እስኪፈቀድልን ዶንት ሲት» ብዬ አስጠናኋት።

እና አንኳኳን። ፀዳለ ከፈተች፣ ሦስታችንን ነጫጭ ለብሰን አየችን፣ ፊቷ ተለዋወጠ። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ።» «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ። ሚስ ኬቲም «ኖ ሲት!» ብላ እንደ ወታደር ቀጥ አለች። ፀዳለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «የማን ልጅ ነው?» አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት ክፍሌ ቀደመኝ። «ጨዋ ልጅ ነው! አይጠጣ፣ አያጨስ! ኳስ ተጫዋች ስለሆነ ጤናውም የተሟላ ነው!» ለካስ ነገሩ ኳስ ነው ስለው ሙሽራው ኳስ ተጫዋች መስሎታል! በጋቢው ብጎትተው «ተወኝ እንጂ፣ ልጨርስ!» ይለኛል። «ወላጆቹንም ከድሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ!» አይዋሽ መሰላችሁ? ሽማግሌ አንዴ ከጀመረ መቆሚያ የለውም። ፀዳለ «አበሻ ነው?» ትላለች፤ ሶስና ከመኝታ ቤት ሆና «እማዬ፣ ኖ! ሰው አይደለም!» ትላለች። «ሰው ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?»

«ኳስ ነው፣ ፀዳልዬ» አልኳት። «ልጅሽን ለኳስ ስጪን ብለን ነው የመጣነው።»

ክፍሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለማን አልክ?» አለኝ።

ፀዳለ መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የሰው አልጋ ያነጠፍኩት እሷ እንዳትወድቅብኝ ነው። እግሯ ቢሰበርስ፣ በሰው አገር ማን ያነሳታል?» ያኔ ገባኝ፤ ጋዋኑ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እና ሳላስበው «እኔ ዋስ ነኝ፣ አንድ ነገር የሆነች እንደሆነ አመጣልሻለሁ» አልኩ። ክፍሌ ምኑም ሳይገባው «እኔም ዋስ!» አለ። ሚስ ኬቲ «ሚ ቱ!» ፀዳለ ዓይኗን ጠረገችና «እንግዲያው ተቀመጡ» አለች። ሶስና ወጥታ የሁላችንንም ጉልበት ሳመች፤ ሚስ ኬቲ ጉልበቷ ሲሳም ደንግጣ ዘለለች።

ታዲያ ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ተቀያሪ ነበረች፣ በሁለተኛው ቋሚ ሆነች፤ አንዱን ጨዋታ ብቻዋን ሁለት አግብታ ክፍሌ በስልክ ሲጮህብኝ እኔ እየነዳሁ መንገድ ሳትኩ። ኑሮው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ቤት አንድ ክፍል ሰጥተዋት ነው የምትኖረው፣ ፀዳለ ድርቆሽ በፖስታ ትልክላታለች።

በአራተኛው ዓመት ጉልበቷ ላይ ጅማት ተበጠሰ። በቃሬዛ አወጧት። ፀዳለ ደወለች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ዋሶቼ፣ ኑ» አለች። እሷን ይዘን ሰባት ሰዓት ሙሉ ነዳን፣ ክፍሌ መንገዱን ሙሉ «እኔ እኮ ለሙሽራ መስሎኝ ነው ዋስ የሆንኩት» እያለ። ስንደርስ ልጅቷ ክራንች ይዛ በር ላይ ቆማለች። ፀዳለ አቀፈቻት፣ አገላብጣ ሳመቻት፣ ከዚያ «ሻንጣሽን» አለች።

ሶስና አማርኛዋን ለቃቅማ፣ «እማዬ፣ እመጣለሁ፣ ፋርማሲም እገባለሁ። ግን ከሜዳ ሰው ተሸክሞኝ ነው የወጣሁት። ልዳንና አንድ ቀን ልግባ፣ በራሴ እግር ልውጣ። ከዚያ በቃኝ» አለች።

ፀዳለ እኔን አየችኝ። ምን ልበል? አመጣልሻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ፀዳለ ያንን የታሰረ ጉልበት ቁልቁል ብዙ አየችው፤ ከዚያ «በእግርሽ ውጪ እንግዲህ» አለች።

ዓመት ሙሉ ታገለች። ሲዝኑ ሊዘጋ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር አስገቧት። እኛ ተደርድረናል። ጎል አገባች እንዳትሉኝ! ባዶ ጎል ሳተች፣ እኔም ብሆን አገባው ነበር። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ፊሽካ ተነፋ፤ እና ሶስና ከመሃል ሜዳ ተነስታ ቀስ እያለች መጣች፣ ማንም አልያዛት፣ ማንም አልደገፋት፣ መስመሩን ስትሻገር ፀዳለ ብድግ ብላ እልልልልል! ክፍሌ፣ ወንዱ ሰውዬ፣ እልልልል! እኔ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ስታዲየሙ ሁሉ ዞሮ አየን። አጠገቤ ያለው ፈረንጅ «ተሸነፍን እኮ፣ ምን አግኝታችሁ ነው?» ቢለኝ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋብኝና፣ በእግሯ ወጣች ለማለት «ሺ ዎክ!» አልኩት። «ማይ ፍሬንድ፣ ሺ ዎክ!»

ምን እንደገባው እንጃ፣ እሱም ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረላችሁ! ሃ ሃ ሃ!