በላጲስ የማይጠፋ መልስ

ለፈተና የሚሻለው ሌላ ሰው ያጠናበት መጽሐፍ ነው ይባላል። አይደለም።

ከአብነት ወደ ሰንጋ ተራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ፎቶኮፒ የሆነ የኮምፒውተር ኔትወርክ ፈተና መለማመጃ ገልጧል። አጠገቡ ያለችው የማያውቃት ሴት አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«መልሱ ተከቦበታል እኮ» አለችው።

«ከነእርሳሱ ነው ፎቶኮፒ ያደረጉት። በላጲስ አይጠፋም።»

«ታዲያ ምን ትማርበታለህ?»

«በወረቀት እየሸፈንኩ እሠራለሁ። ስገልጠው የእኔና የከበበው ሰው መልስ አንድ ነው።»

«ጎበዝ ነህ ማለት ነዋ!»

«የተሳሳትኩትም አንድ ነው፣ እህቴ። ትናንት አንዱን ሰርዤ ሌላ መረጥኩ። ስገልጠው እሱም ሰርዞ ያንኑ መርጧል።»

«ኧረ በስመአብ! ሌላ አትገዛም?»

«ፈተናው ነገ ነው። ሥራ የሚቀጥሩኝ ካለፍኩ ብቻ ነው።»

«እስኪ አምጣው።» ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ሰባት ቁጥርን እንዲህ ወገቡ ላይ የሚያሰምረው ወንድሜ ነው። መጽሐፉን ለፎቶኮፒ ቤት የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አትቀልጂ! ፈተናውን አለፈ?»

«የፈተናው ቀን ጠዋት መጽሐፉን አልጋው ላይ ትቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። እስካሁን እየፈለግነው ነው።»

«እና እኔ ነገ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«ልደታ ማርያም ጋ ወራጅ አለ!» ብላ መለማመጃውን መልሳለት ወረደች።

ወጣቱ ገጹን በመዳፉ ሸፍኖ እርሳሱን ሲያነሳ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እባካችሁ፣ መጽሐፋችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት በላዩ የጻፋችሁትን አጥፉ።