የጥሩዬ ጥያቄ

(ጠዋት፣ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ መናኸሪያ፤ የባንክ ኮምፒውተር ባለሙያነቱን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው ይርዳው አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንድ እግሩን እንዳሳረፈ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የድሮ የክፍል ጓደኛው ዶክተር ማኅደር ደርሳበታለች።)

ማኅደር፦ ውረድ እንጂ ይርዳው! ሰው እያየን ነው።

ይርዳው፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ። ሰው እያየኝ ነው፤ ተይኝ ልሂድ።

ማኅደር፦ ዲኑን ደጅ ጠንቼ፣ «የባንክ ሲስተም በእጁ የሠራ ሰው አመጣላችኋለሁ» ብዬ ነው ያስቀጠርኩህ። ገና ወር ሳይሞላህ?

ይርዳው፦ አውቃለሁ፤ አሳፈርኩሽ።

ማኅደር፦ እኔን ተወኝ። ባንክ ደውለሃል አሉ?

ይርዳው፦ ማን ነገረሽ?

ማኅደር፦ ባለቤትህ።

ይርዳው፦ የድሮ አለቃዬን ቦታዬ ካልተያዘ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ፕሮፌሰር፣ በዚህ ፍጥነት ጨረስክ?» አለኝ። እሱንም ዋጥ አደረግኩት።

ማኅደር፦ ክፍል ውስጥ ምን ቢደርስብህ ነው?

ይርዳው፦ ምንም አልደረሰብኝም። እኔ ነኝ ያደረስኩት።

ማኅደር፦ ንገረኛ!

ይርዳው፦ ጥሩዬ የምትባል ልጅ አለች፤ ከኋላ የምትቀመጥ። እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ አንድ ዳታ ሁለት ቦታ ተቀምጦ ቢለያይ ኮምፒውተሩ የትኛውን ነው የሚያምነው?» አለችኝ።

ማኅደር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ይርዳው፦ በጣም ጥሩ! ባንክ እያለሁ ስንቴ አስተካክዬዋለሁ። እጄ ያውቀዋል። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ግን ለሰው አስረድቼ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ሁሉም ዓይናቸውን ተክለውብኛል።

ማኅደር፦ «ነገ እመልስልሻለሁ» አትልም ነበር?

ይርዳው፦ እሱ መች መጣልኝ! «አንቺ መጀመሪያ ኮምፒውተር ማብራት ተማሪ» አልኳት።

ማኅደር፦ ውይ፣ ይርዳው!

ይርዳው፦ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም… ስሚኝ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱልኛ። ዞር ብዬ ሳያት አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ትሰበስባለች።

ማኅደር፦ ልጅቷ ኮምፒውተር የነካችው እዚህ ከመጣች በኋላ ነው።

ይርዳው፦ አላወቅኩም። ባውቅስ? እንዲህ ያለ ሰው መምህር ይባላል? በይ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሳ፤ ልግባ።

ማኅደር፦ ትናንት ቢሮዬ መጥታ ነበር።

ይርዳው፦ ከሰሰችኝ?

ማኅደር፦ ብትከስህማ በወደድኩ። ትምህርት ክፍል ልቀይር አለችኝ።

ይርዳው፦ በእኔ የተነሳ!

ማኅደር፦ አንተንማ መች ወቀሰች። «መምህሩ ልክ ነው፤ ይሄ ትምህርት ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም» ነው ያለችው።

ይርዳው፦ ልክ ነው አለች?

ማኅደር፦ ልክ ነው አለች። እንዳልሆነ ብነግራት ላጽናናት የምዋሻት መሰላት።

ይርዳው፦ ፈረምሽላት?

ማኅደር፦ እስከ ዛሬ ከሰዓት ታገሺኝ ብያታለሁ። ቢሮ ላስጠራልህና ማንም ሳያይ ይቅርታ በላት፣ በቃ። ከዚያ መሄድ ካማረህ አልይዝህም።

ይርዳው፦ አይሆንም። ብቻዋን አታስጠሪያት።

ማኅደር፦ ይቺንም እምቢ?

ይርዳው፦ የሰደብኳት ሁሉም እየሰማ ነው። ክፍሉን ሰብስቢልኝ፤ መልሱ የጠፋኝ እኔ እንደነበርኩ እነሱም ይስሙ።