«አትለፍ» ስለቆረጠው የፏፏቴ ገመድ

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ በአካባቢው «እትዬ ቶሎ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ ሻይ ቤት
አድራሻ፦ የፏፏቴው መናፈሻ መግቢያ አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እሑድ ጠዋት፣ አደጋው በደረሰ ማግስት
ጉዳዩ፦ በሙሽራዋ ላይ ስለደረሰው የመውደቅ አደጋና ስለተቆረጠው የመከለያ ገመድ

ተጠርጣሪው የፏፏቴው ጠባቂ የትዳር ጓደኛዬ መሆኑን አስቀድሜ አስመዘግባለሁ። ባሌ ነው ብዬ አላዳላም። ቤት ውስጥ እሱን ስታገሥ የምውል ሰው ስለ እሱ ለመዋሸት ጉልበት አይተርፈኝም። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ባለቤቴን ጎብኚዎች «አትለፍ» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ «አትለፍ! አትለፊ!» ሲል ስለሚውል ነው። ከገመዱ ወዲህ ሣር አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሸለቆውም ተራራውም ወለል ብሎ ይታያል። ከገመዱ ወዲያ ያለው የፏፏቴው ርጭት የማይለየው፣ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ዓለት ነው። ሰው ግን ያንን ካልረገጠ ተራራ ያየ አይመስለውም። ገመዱን የወጠረው ባለቤቴ በገዛ እጁ ነው። አንድ ቀን ልብስ ላስጣበት ብዬው ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው ፎቶ ሊነሱ መጡ። ፎቶ አንሺው ጥቂት ካነሳ በኋላ ገመዱ ፎቶ እንዳበላሸበት ገልጾ እንዲፈታለት ጠየቀ። ባለቤቴ እምቢ አለ። የሙሽራዋ አባት ቀርበው፣ «ወንድሜ፣ ልጄ የምትዳረው አንድ ጊዜ ነው፤ ምናለበት?» አሉት። ባለቤቴም፣ «ጌታዬ፣ የምትወድቀውም አንድ ጊዜ ነው» ሲል መለሰላቸው። መልሱ ሻካራ መሆኑን አልክድም። ሰውየው ተቀይመው ጀርባቸውን ሰጡት። ይህን የሰማሁት ለአጃቢዎቹ ሻይ ሳቀርብ ነው።

ከዚያ በኋላ ከማዶ ሌሎች ጎብኚዎች የድንጋይ አጥር ላይ ወጥተው ስለነበር ባለቤቴ ሊያወርዳቸው ሄደ። እሱ ዞር ከማለቱ ፎቶ አንሺው ገመዱን በእጁ ከፍ አድርጎ ያዘላት፤ ሙሽራዋም ቀሚሷን ሰብስባ ከሥሩ ሾልካ አለፈች። እኔ ትሪ እንደያዝኩ፣ «ኧረ ልጄ፣ ተመለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ኋላ» አላት። ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ አላየናትም።

ዱብ ያለችው እታች ጠባብ እርከን ላይ ነው። ቀሚሷን ቁጥቋጦ ይዞት ነበር፤ ውሃው ደግሞ ከላይ ይወርድባታል። ባለቤቴ እየሮጠ ደርሶ ገመዱን ከምሰሶው ሊፈታ ታገለ። የገዛ ቋጠሮው በእርጥበት ጠብቆ እምቢ አለው። «ቢላዋ!» ብሎ ጮኸ። ዳቦ የምቆርጥበትን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ቢላዋ ለምን ይዞ ዞረ ተብሎ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ገመዱን ቆርጦ ወገቡ ላይ አሰረና ወረደ። ሌላውን ጫፍ መጀመሪያ የያዙት የሙሽራዋ አባት ናቸው። ሙሽራውና አጃቢዎቹ ተከተሉ፤ እኔም ያዝኩ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። ልጅቷን ስናወጣት እግሯ ተሰብሮ ነበር፣ ግን ትናገር ነበር። አባቷ ጭቃው ላይ ተንበርክከው አቀፏት። ባለቤቴ ጎኑ እንደተላጠ፣ «ገመዴን» አለ። እኔም ንዴቴን መቋቋም አቅቶኝ፣ «ገመድህ ገደል ይግባ! አንተ ራስህ አለህ ወይ?» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ገመዱን ባለቤቴ ሙሽሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ቆርጦት ነበር ሲል ፎቶ አንሺው ቃል መስጠቱ ተነግሮኝ ስጠየቅ፦ ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ተቆርጦ መሬት ላይ የተጋደመ ገመድ የማንን ፎቶ ያበላሻል? ካሜራው እጃችሁ ላይ ነው፤ ይከፈትና ይታይ። ሙሽሮቹ ፊት ለፊት፣ ገመዱ ከጀርባቸው ተወጥሮ ይገኛል።

የሙሽራዋ አባትም ይህንኑ ቃል ደግመዋል ሲባል ከመናደድ ይልቅ አዘንኩ። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ጣቢያው በር ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ገመዱ የላጠው መዳፋቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። «እህቴ፣ ተመለሽ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «ታዲያ ይህን ለእኔ ከሚነግሩኝ ውስጥ ገብተው አይናገሩም?» ስላቸው አቀረቀሩ። እስካሁን በሩ ላይ ናቸው፤ ተጠርተው ይጠየቁልኝ።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ስጠየቅ፦ አለ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር፣ ከፍቅረኛው ጋር ሰዉ ወደ ተራራው ይጎርፋል። ገመዱ ኤግዚቢት ነው ተብሎ እዚህ ተቀምጧል። ጠባቂው ተጠርጣሪ ነው ተብሎ እዚህ ተቀምጧል። እኔ ምስክር ነሽ ተብዬ እዚህ ተቀምጫለሁ። ገደሉ ግን እዚያው ነው። ወይ እሱን ልቀቁት፣ ወይ ከእናንተ አንዱ ሄዶ «አትለፍ» ይበል።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያየሁትን እንጂ የተመኘሁትን አላስጻፍኩም፤ ሐሰት ቢገኝበት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________