ኩኩሉ በጉድጓድ አፍ
ከአራዳ ጀርባ፣ ጣልያን ትቶት የሄደው የአትክልት ቦታ ዥዋዥዌ አለው ሲሉኝ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሄድኩላችሁ። ከእኛ በቀር ሰው የለም፤ ጭር ያለ ሸጋ ቦታ ነው ብዬ ጥላ ሥር ዘፍ አልኩ። ልጆቹ ድብብቆሽ ጀመሩ። ትልቋ ዓይኗን ጨፍና «ኩኩሉ!» ትላለች፤ ትንሹ ከቁጥቋጦው ጀርባ «አልነጋም!» ይላታል። ኋላ ግን ድምፁ ማስተጋባት ጀመረ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ተነስቼ ባይ፣ ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል!

ብጮህ ሊደነግጥ ነው። ወደ ልጅቱ ተመልሼ በጆሮዋ «ዓይንሽን እንዳትገልጪ፤ ጥሪው፣ እንዳታቋርጪ» አልኳት። ጫማዬን አወለቅኩ። «ኩኩሉ!» ስትል እራመዳለሁ፤ «አልነጋም!» ሲል እቆማለሁ። ትንፋሼን እንዳይሰማ አፌን ይዣለሁ። ልክ «ነጋ!» ብሎ ሊነሳ ሲል በብብቱ ይዤ ወደ ኋላ መነጨቅኩት።

«ምነው እማዬ! የምትፈልገኝ እኮ እሷ ናት!» ብሎ አለቀሰ። ተረከዙ የነካው ድንጋይ ወደ ውስጥ ወድቆ ነበርና፣ ውኃውን ሲመታ ለመስማት እየጠበቅኩ ነበር። ቆየ። ኧረ በጣም ቆየ።